የፈረሰች ከተማውን በልቦለድ ያቆያት ጸሐፊ

ተወልዳችሁ ያደጋችሁበት ከተማ ለግድብ ሲባል ቢፈርስ ምን ታደርጋላችሁ? ዤዙስ ሞንካዳ ጻፈ።

ሞንካዳ እ.ኤ.አ. በ1941 በስፔን፣ መኪነንሳ ተወለደ። ከተማዋ የኤብሮና የሴግሬ ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነበረች። ሰዉ ይኖር የነበረው የድንጋይ ከሰል እያወጣና በጀልባ እያጓጓዘ ነበር። ግዛቷ አራጎን ቢሆንም የሚወራው ካታላንኛ ነው።

በፍራንኮ ዘመን ኤብሮ ላይ ግድቦች ተሠሩ። ውሃው ከተማዋ ድረስ ስለሚመጣ ነዋሪው ቀስ በቀስ ወደ አዲስ ከተማ ተዛወረ፤ አሮጌዎቹ ቤቶች ፈረሱ።

ሞንካዳ እ.ኤ.አ. በ1988 «ካሚ ዴ ሲርጋ» የተባለውን ልቦለድ አሳተመ። ርዕሱ ጀልባ በገመድ እየጎተቱ የሚሄዱበት የወንዝ ዳር መንገድ ማለት ነው። መጽሐፉ ታዲያ ለቅሶ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሐሜት፣ ቀልድ፣ የካፌ ወሬ ሞልቶታል። ለቤት እኮ ካሳ ይከፈል ይሆናል፤ ለሰፈር ወሬና ለጎረቤት ግን ማንም አይከፍልም። ሞንካዳ ያተረፈው ይሄንን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 አረፈ። መጽሐፉ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሟል፤ የአሮጌዋ ከተማ ፍርስራሽም ዛሬ ይጎበኛል።

እናንተስ፣ ከሰፈራችሁ ምኑ ተጽፎ እንዲቀር ትፈልጋላችሁ?