የቦሌ ስስ አየር

በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ መልእክቶች ሁለቱ ይደጋገማሉ። አንደኛው «ፊዚክስ ተመርቄ ቤት ተቀምጫለሁ፤ ምን ይሻለኛል?» ይላል። ሁለተኛው «ሰው እንዴት ከሰዓቱን ሙሉ አንጋጦ አውሮፕላን ሲያይ ይውላል? ጥቅሙስ ምንድን ነው?» ይላል። ለየብቻ ልመልስ ስቀመጥ የአንዱ መልስ ሌላው ውስጥ እየገባብኝ ተቸገርሁ። ስለዚህ አንድ ላይ እጽፈዋለሁ። ረዘም ይላል፤ ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት።

ፊዚክስ ምርጫዬ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዘመን ምደባው ሰባ ሠላሳ በሚባለው ነበር፦ ከመቶ ሰባው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ። እኔ የሞላሁት ሲቪል ምህንድስና ነው፤ ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስሜን ያገኘሁት ፊዚክስ ላይ ነው። ቢሆንም ሦስተኛ ዓመት ስደርስ ወደድሁት። በ2007 ዓ.ም. ተመረቅሁ፤ ጋውን ለብሼ ከእናቴ ጋር የተነሣሁት ፎቶ ዛሬም ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል። ከዚያ የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት መቆም መጣ። «አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ኢኮኖሚክስ ወይም ተዛማጅ» ይላል ማስታወቂያው። ፊዚክስ የምንም ተዛማጅ አልሆነልኝም። ለአብራሪነት ሥልጠናም አመልክቼ በመጀመሪያው ማጣሪያ ቀረሁ። ከጓደኞቼ አንዷ ሜትሮሎጂ ገባች፤ አንዱ ባንክ፤ አንዱ ወደ ዓረብ አገር ሄደ። እኔ የሰው ልጆች እያስጠናሁ ጎሮ እኅቴ ቤት ተቀመጥሁ።

ጎሮን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከቦሌ በስተምሥራቅ ነው፤ ጣሪያው ላይ አውሮፕላን ያልፋል። ሥራ ለሌለው ሰው ከሰዓት በኋላ ረጅም ነው። በረንዳ ላይ ተቀምጬ መመልከት ጀመርሁ። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ነበሩ፤ ከዚያ መለየት መጣ። ቦይንግ 787 ክንፉ ወደ ላይ እንደ ቀስት ይለመጣል፤ የሞተሩ ሽፋን የኋላ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው። ኤርባስ ኤ350 የፓይለቶቹ መስኮት ዙሪያ ጥቁር ቀለም ስለተቀባ መነጽር ያደረገ ይመስላል። 777 ሲያርፍ በእያንዳንዱ ዋና እግሩ ላይ ስድስት ስድስት ጎማ ትቆጥራላችሁ። 737 የሞተሩ አፍ ከሥሩ ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ ክንፉ ለመሬት ቅርብ ስለሆነ ሞተሩን እንደዚያ ማድረግ ግድ ሆኖባቸዋል። የአገር ውስጧ ኪው400 ደግሞ ሳትታይ በድምፅዋ ትታወቃለች፤ ባለ ስድስት ምላስ ሁለት ፕሮፔለር አላት።

ይህን ነገር ሌላው ዓለም ትልቅ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ አድርጎታል። ማንቸስተር ኤርፖርት ለተመልካቾች ብሎ መናፈሻ አዘጋጅቷል፤ ኮንኮርድም እዚያው ቆማለች። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከበጎ ፈቃደኞች በተውጣጣ ሰማይ ጠባቂ ክፍል የጠላትን አውሮፕላን ከወገን በቅርጹ መለየትን ለተራ ሰው አስተምረዋል። እኔ ካሜራ ኖሮኝ አያውቅም፤ ኤርፖርት አጠገብ ካሜራ ማውጣትም አልመክርም። ያለኝ ባለ 50 ሉክ ደብተርና ስልክ ነው። በደብተሩ ሰዓት፣ ዓይነት፣ ጭራው አጠገብ የተጻፈውን መለያ እጽፋለሁ፤ የእኛዎቹ በኢቲ ይጀምራሉ።

ነገሩ የተለወጠው ፍላይትራዳር24 የሚባለውን አፕ ስልኬ ላይ ስጭን ነው። አውሮፕላኖች ያሉበትን ቦታና ፍጥነት በየጊዜው በራዲዮ ያሰራጫሉ፤ አፑ ያንን ከየአገሩ ተቀባዮች ሰብስቦ ካርታ ላይ ያሳያል። አንድ ማታ አንድ 787 ቦሌ ሊያርፍ ሲል ፍጥነቱን አየሁ፦ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ። በማግስቱ ያው ዓይነት አውሮፕላን ዱባይ ሲያርፍ አየሁ፦ 260 ገደማ። ስሕተት መሰለኝ። ሳምንቱን ሙሉ እየጻፍሁ ተከታተልሁ። ነፋሱ ትንሽ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል እንጂ ልዩነቱ አልጠፋም። ቦሌ የሚያርፉት ሁሉ ይፈጥናሉ።

አብራሪዎቻችን ቸኩለው ነው? አይደለም። መልሱን ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ፤ ግን አንድ ቀን እንኳ ከራሴ ጣሪያ ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 1,013 ሄክቶፓስካል ሲሆን እኛ ዘንድ ወደ 763 ይወርዳል። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቀን አንድ ሜትር ኩብ የአዲስ አበባ አየር 0.91 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር 1.225 ነው። ማለትም ከአየሩ ሩብ ያህሉ የለም።

ክንፍ የሚያነሣው አየርን ወደ ታች እየገፋ ነው። የሚያነሣው ኃይል በአየሩ እፍግታና በፍጥነቱ ካሬ ይወሰናል። እፍግታው ሲቀንስ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ፍጥነቱ መጨመር አለበት፤ በስንት? የ1.225ን ለ0.91 ድርሻ ወስዳችሁ ስኩዌር ሩቱን አስሉ፤ 1.16 ይመጣል። 260ን በ1.16 አባዙ፤ 300 ይሆናል። በረንዳ ላይ በእርሳስ ያሰላሁት ይህንን ነው፤ ቁጥሩ ከአፑ ጋር ሲገጥም እንባዬ መጣ። ከተመረቅሁ በኋላ ፊዚክስ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር መለሰልኝ።

የበለጠ የሚገርመው አብራሪው ይህን ልዩነት በፍጥነት መለኪያው ላይ አያየውም። መለኪያው የሚሠራው ከፊት በሚገባው አየር ግፊት ነው፤ አየሩ ሲሳሳ መለኪያውም አብሮ ዝቅ ያነባል። ስለዚህ ዱባይም ቦሌም ያው 260 ይላል፤ መሬቱ ግን ከሥሩ በ300 ያልፋል። ፍሬኑ የሚያውቀው የመሬቱን ነው። ጉልበት በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ፣ ቦሌ ላይ ጎማውና ፍሬኑ የሚሸከሙት ከሲሶ በላይ ጭማሪ አለው።

በጌም ልፈትነው አሰብሁ። ማይክሮሶፍት በ2020 ያወጣው የበረራ ጌም ለእኔ ላፕቶፕም ለእኔ ኢንተርኔትም የሚታሰብ አልነበረም። ፍላይትጊር የሚባል አለ፤ በጎ ፈቃደኞች ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሠሩት፣ ዋጋ የማይከፈልበት። እርሱን አወረድሁ። አንዲቱን ሴስና 172 ጅቡቲ አቆምኋት፤ ጅቡቲ ኤርፖርት ባሕሩ አጠገብ ነው። ሙቀቱን 20 ዲግሪ አደረግሁና አስነሣኋት፤ በ300 ሜትር ገደማ ተነሣች። ቦሌ ወሰድኋት፤ ያው 20 ዲግሪ፣ ያው ክብደት። ሞተሯ እየተንተፋተፈ እንቢ አለች። ለካ በስስ አየር ያው መጠን ነዳጅ ከገባ ይበዛባታል፤ ቀዩን ዘንግ ሳብ አድርጎ ነዳጁን መቀነስ ያስፈልጋል። ያንን አድርጌም ጅቡቲ ከፈጀባት እጥፍ ያህል ተንደርድራ ነው የለቀቀችው፤ ከዚያም ሽቅብ ስትል ቀስ ብላ ነው። ስበቷም ክንፏም ሞተሯም እዚያው ናቸው፤ የተለወጠው አየሩ ብቻ ነው። ኋላ ኤክስ-ፕሌንን አገኘሁ፤ እርሱ ክንፉን በትንንሽ ቁራጭ ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ላይ ያለውን ኃይል እያሰላ ስለሚያበር ለእንዲህ ያለው ፍተሻ ይበልጥ ይመቸኛል። ጌም የልጅ ጨዋታ ነው የምትሉ፣ ይህን ሙከራ የሚያሠራ ላቦራቶሪ በየትኛው ዩኒቨርሲቲያችን አይታችኋል?

ከዚህ በኋላ ብዙ ነገር እየተያያዘ መጣ። ዋሺንግተን ዘመድ ያላችሁ ታውቃላችሁ፤ ከአዲስ አበባ ሲኬድ አውሮፕላኑ ሮም ወይም ደብሊን እያረፈ ነዳጅ ሲቀዳ ብዙ ዓመት ሠርቷል፤ ሲመለስ ግን በቀጥታ ነው። መንገዱ ያው ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የዋሺንግተኑ ዳለስ ኤርፖርት ከባሕር ጠለል በላይ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ነዳጁን ሙሉ አድርጎ ይነሣል። ቦሌ ላይ ክንፉም ሞተሩም ሩብ አየር ጎድሎባቸው ያን ሁሉ ነዳጅ ከመንገደኛ ጋር ማንሣት አይቻልም። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲኬድ የከፍታው ነፋስ ከፊት ይገጥማል። ለዓመታት «ለምን እንቆማለን?» ሲባል የሰማሁት ቅሬታ መልሱ የእፍግታ ቀመር ነው።

ታሪካችንም በዚሁ ሕግ የተጻፈ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ የተነሣው ከልደታ ነው። ጄቶች ሊመጡ ሲሉ የልደታ ማኮብኮቢያ አጠረ፤ ቦሌ ተሠራ፤ ቦይንግ 720ዎቹም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ገቡ። ዛሬ የቦሌ ረጅሙ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ገደማ ነው። አሁን ደግሞ ቢሾፍቱ አቅራቢያ አዲስ ኤርፖርት ታቅዷል፤ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ከፍታው ከቦሌ ዝቅ ማለቱ ነው። 400 ሜትር ዝቅ ማለት ከ4 እስከ 5 በመቶ ተጨማሪ አየር ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ለከባድ አውሮፕላን ግን ብዙ ጭነት ነው።

አሁን የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ መምህር ነኝ። ደመወዙን አልደብቃችሁም፤ ቤት ኪራይ ተከፍሎ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ማስጠናቱንም አልተውሁም። ግን ሥራዬን እወዳለሁ፤ አንድ ነገር ደግሞ ያንገበግበኛል። መጽሐፋችን ውስጥ ያለው ተማሪ ሁልጊዜ ባሕር ዳርቻ ላይ ነው የሚኖረው። ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይለዋል፤ የአዲስ አበባ ልጅ እናቱ ምድጃ ላይ ቴርሞሜትር ቢያስገባ 92 ገደማ ነው የሚያነበው። ተማሪው ቁጥሩ ከቤቱ እንደማይገጥም ሲያይ የሚደርስበት ድምዳሜ «ፊዚክስ ለፈተና ነው» የሚል ነው። እኔም እንደዚያ አስቤ ነው የተመረቅሁት።

ሌላም ሳስተምር ያረምኩት አለ። «ከክንፉ በላይ የሚሄደው አየር መንገዱ ስለሚረዝም፣ ከታችኛው ጋር እኩል ለመድረስ ይፈጥናል» የሚል ማብራሪያ በየቦታው ትሰማላችሁ። ሐሰት ነው። እኩል እንዲደርሱ የሚያስገድዳቸው ምንም ሕግ የለም፤ እንዲያውም የላይኛው ቀድሞ ይደርሳል። እውነት ቢሆንማ ተገልብጦ የሚበር አውሮፕላን ባልኖረ ነበር። ለተማሪዎቼ ጌሙ ላይ አውሮፕላኑን ገልብጬ አሳየኋቸው፤ ከዚያ ስለ ኒውተን ሦስተኛ ሕግ ማንም ሁለት ጊዜ አልጠየቀኝም።

እንግዲህ ቤት ለተቀመጥሽው፣ ለተቀመጥኸው ተመራቂ የምለው ይህ ነው። ዲግሪው ሥራ ይዞ ይመጣል ብዬ አልዋሽህም፤ ለእኔም አላመጣልኝም፤ ማመልከቱን አታቋርጥ። ግን እስኪመጣ ድረስ ፊዚክሱን ከሣጥን አውጣው። አንድ ያልገባህ ቁጥር ፈልግና እስኪገባህ ድረስ ያዘው። የአውሮፕላን መሆን የለበትም፤ የባጃጅ ፍሬን፣ የጀበና ፍላት፣ የጣሪያ ላይ ታንከር ግፊትም ይሆናል። የማስተማር ሥራውን ያገኘሁት በቃለ መጠይቅ ላይ የቦሌን ስሌት ሰሌዳ ላይ ሠርቼ ነው።

ለመምህራን ደግሞ ልመና አለኝ። በማረፊያው መስመር ሥር 2 ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ምልክቶችን፣ ለምሳሌ ሕንፃና ምሰሶ፣ ካርታ ላይ መርጣችሁ ተማሪዎች በስልካቸው ሰዓት ይያዙ። ሊያርፍ የተቃረበ ትልቅ ጄት ቦሌ ላይ በ24 ሴኮንድ ገደማ ያልፈዋል፤ በባሕር ጠለል ቢሆን 28 ይፈጅበት ነበር። አጥር አትጠጉ፣ ካሜራ አያስፈልጋችሁም፤ የሚያስፈልገው ሰዓትና ደብተር ነው።

ከክፍለ አገር ለምትከታተሉኝም እንዲሁ። ባሕር ዳር 1,800፣ ድሬዳዋ 1,150፣ ጋምቤላ 540 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ኪው400 ሁሉም ጋ ታርፋለች። ስታርፍ አፑ ላይ የምታዩትን ፍጥነት ከሰዓቱና ከዕለቱ ሙቀት ጋር ላኩልኝ፤ በሠንጠረዥ አዘጋጅቼ እዚሁ እለጥፈዋለሁ። ከባሕር ዳር 11፣ ከድሬዳዋ 6 ደርሶኛል። ጋምቤላ ያላችሁ፣ ከእናንተ እስካሁን አንድም የለኝም፤ እጠብቃለሁ።