ያለ ሳተላይት መንገዱን የሚያውቅ ድሮን
ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ከሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች የሚላከው ሞገድ ምድር ሲደርስ እጅግ ስለሚደክም፣ አነስተኛ የሞገድ ማወኪያ እንኳ በአካባቢው የሚበረውን ድሮን አቅጣጫ ሊያሳጣው ይችላል። ከአማራጮቹ አንዱ ቦታቸው በትክክል የተለካ የሬዲዮ ምልክት ሰጪ ጣቢያዎችን ምድር ላይ ተክሎ፣ ድሮኑ የየጣቢያው ሞገድ የሚደርስበትን የጊዜ ልዩነት እያሰላ ያለበትን ስፍራ እንዲያውቅ ማድረግ ነው፤ ሐሳቡም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መርከቦችንና አውሮፕላኖችን ከመራው ሎራን ከተባለው ሥርዓት የመጣ እንጂ አዲስ አይደለም። ዋናው ፈተና ሰዓት ነው፤ ሞገዱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ የጣቢያዎቹ ሰዓቶች በአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ቢዛነፉ 300 ሜትር ያህል የርቀት ስሕተት ይፈጠራል። ጣቢያዎቹም ሁሉ ከድሮኑ በታች በተቀራራቢ ከፍታ ስለሚቆሙ ሥርዓቱ ከፍታን አጥርቶ አይለይም፤ ለዚህ የአየር ግፊት መለኪያ ይታከልበታል። ድሮኑን በማይመራ፣ ለንጽጽር ብቻ በተጫነ የጂፒኤስ መቀበያ ወይም በምድር ላይ የቅየሳ መሣሪያ ከተመዘገበው እውነተኛ መሥመር ጋር ያልተመሳከረ በረራ ግን የሥርዓቱ ሙከራ ሊባል አይገባውም።