«ስንት መለኪያ?» ብሎ መጠየቅም ሙያ ነው

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ለሕክምና በሄዱበት አንድ ወጣት ሐኪም «አረቄ ይጠጣሉ? በቀን ምን ያህል?» ብሎ ቢጠይቅዎ ምን ይመልሳሉ? ብዙዎቻችን «ትንሽ ትንሽ» ብለን እናልፋለን። ሐኪሙም ይህንኑ ይጽፋል። ስለ ሱስ ሕክምና የሚደረግ ጥናት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚሁ ላይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ በአገራችንም ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት አሥር ጥያቄዎች ያሉት የአልኮል መጠይቅ አለ። ቆጠራው «በመደበኛ መጠጥ» ሲሆን፣ አንዱ 10 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ነው። የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ግን በግራም አይጠጣም። ጠላው በጣሳ፣ ጠጁ በብርሌ፣ አረቄው በመለኪያ ነው፤ ጥንካሬውም እንደ አውጪዋ ይለያያል። 45 በመቶ አልኮል ያለው ዳግም አረቄ 50 ሚሊ ሊትር በሚይዝ መለኪያ ቢቀዳ 18 ግራም ገደማ አልኮል አለው። «አንድ ብቻ» ያለው ሰው ሁለት ያህል ጠጥቷል ማለት ነው።

ይህን ለጀማሪው ሐኪም የሚያሳየው አብሮት የሚሠራ ነባር ሐኪም ነው። የአካባቢውን መለኪያ ተውሶ በሲሪንጅ ውኃ እየሞሉ መለካት፣ ታካሚውን ሚስቱና ልጆቹ ፊት አለመጠየቅ፣ መልሱን ሰምቶ ፊትን አለማጥቆር፤ እነዚህ እያዩ የሚለመዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና የስፔሻሊስት ሥልጠና ሲጀመር የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ለአንድ ወር እየመጡ ከኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ጋር ያስተምሩ ነበር። ከዚያ በፊት ትምህርቱን ፈላጊ ባሕር መሻገር ነበረበት። በኋላ በሶዶ ወረዳ የተደረገ ጥናት ከባድ የመጠጥ ችግር ካለባቸው አብዛኞቹ ሕክምና ፈልገው እንደማያውቁ አሳይቷል፤ አንዱ ምክንያት ሐፍረት ነው።

እውነቱን መናገር ለራስዎም ሕይወት ነው። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በሰዓታት ውስጥ እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ላብ ሊያጠምቀው ይችላል። አንዳንዱን እስከ ሁለተኛው ቀን ድረስ እንደሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጠው፣ ከዚያም ሊያቃዠውና የሌለ ነገር ሊያሳየው ይችላል። ሳይታከም ከቀረ ሊገድል ይችላል። በሆስፒታል ግን እንደ ዳያዜፓምና ቫይታሚን ቢ1 ባሉ መድኃኒቶች ይታከማል። ስለዚህ ቤተሰብ ሆይ፣ ጠበል መውሰዱ መልካም ነው፤ አስቀድሞ ግን ሐኪም ይየው። ቤት ዘግቶ በግድ ማስተው አደገኛ ነው።

ጥያቄው ለጥናት ከሆነ ሐኪሙ ፈቃድዎን የመጠየቅ ግዴታ አለበት። «አልፈልግም» ቢሉ ሕክምናዎ አይጓደልም፤ የሰጡት መልስም ከስምዎ ጋር ለሌላ ሰው አይነገርም። ከተስማሙ ደግሞ መለኪያው ትልቁ ይሁን ትንሹ፣ አረቄው ተራ ይሁን ዳግም፣ የሚጀምሩት ማታ ይሁን ገና በባዶ ሆድ ጠዋት፣ ሁሉንም ይንገሩት።