ለሄቪ ሜታል ሪትም ጊታር የትኛው ፔዳል?

ቤት ውስጥ ብቻዬን ስጫወት ዲስቶርሽን ፔዳሌ ግድግዳ ያናውጥ ነበር፤ ከባንድ ጋር ስንለማመድ ግን ጊታሬ ጭራሽ አልተሰማም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ የሚድል ማዞሪያውን ዜሮ ላይ አድርጌዋለሁ። ጊታር ከቤዝና ከድራም ተለይቶ የሚሰማው ግን በመካከለኛው ድምፅ ነው።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አምፕሊፋየራችሁን እዩ። የራሱ ጠንካራ ዲስቶርሽን ካለው እንደ ኢባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር ያለ ኦቨርድራይቭ ይበቃል፤ ድራይቩን ዝቅ፣ ሌቭሉን ከፍ ስታደርጉት የተዝረከረከውን ወፍራም ድምፅ ቀንሶ ምቱን ያጠራዋል። አምፕሊፋየሩ ንጹሕ ድምፅ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው ቦስ ሜታል ዞን ይሻላል፤ መካከለኛውን ድምፅ መርጦ ማስተካከያ አለው።

ጌይኑን ግን አታብዙት፤ ሪፉ ይጨማለቃል። ከተቻለም ፔዳሉን ተውሳችሁ ልምምድ ላይ ሞክሩት፤ ቤት ውስጥ ሁሉም ያምራል።