ወጌሻው የሚፈተነው የት ነው?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ሰሞኑን በውስጥ መስመር ስለ ባህል ሕክምና ስትጠይቁኝ አንዲት ጥያቄ ደጋግማ መጣች፦ "ዶክተር፣ ግን ሕጋዊ ነው?" በአንድ መስመር ልመልስ ሞከርኩ፣ አቃተኝ። ለምን እንደሚያቅት የገባኝ በአንድ ልጅ ምክንያት ነው።

ልጁ 9 ዓመቱ ነበር። ከጭላሎ ተራራ ሥር ካለ ቀበሌ ነው። የአርሲ ደጋ ልጅ ፈረስ ላይ ነው የሚያድገው፤ የወደቀውም ከፈረስ ነው። የግራ ክንዱ ተሰበረ። ቤተሰቡ እዚያው ሰፈር ወዳለ ወጌሻ ወሰዱት (በኦሮምኛ ኦጌሳ ይባላል)። ሰውየው አጥንቱን አስተካክሎ፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ደግፎ፣ በጨርቅ ጠፍሮ አሰረው። ያን ሌሊት ልጁ ሲያለቅስ አደረ። "ስብራት ነው፣ ያማል እንግዲህ" ተባለ። በማግስቱ ጣቶቹ አበጡ፣ ቀዘቀዙ። በሦስተኛው ቀን ማልቀሱን አቆመ፤ ቤተሰቡም ተሻለው ብለው ተደሰቱ። በአራተኛው ቀን ጣቶቹ ሲጠቁሩ እኔ ወደምሠራበት ይዘውት መጡ።

ተረኛ ነበርኩ። ማሰሪያውን የፈታሁት እኔ ነኝ። ሽታውን እስካሁን አልረሳሁትም። ልጁን ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ላክነው፤ ክንዱ ከክርኑ በታች ተቆረጠ።

ወጌሻውም አብሯቸው መጥቶ ነበር። ይህን ብዙዎቻችሁ ላታምኑ ትችላላችሁ። ብርድ ልብስ ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ፣ በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። ጮህኩባቸው። በሰው ፊት "ወንጀለኛ" አልኳቸው። ዝም ብለው ከሰሙኝ በኋላ እንዲህ አሉ፦ "ልጄ፣ አባቴ ያስተማረኝን ነው የሠራሁት። የምፈተንበት ቤት ካለ አሳየኝና ሄጄ ልፈተን። ካልቻልኩ ይከልክሉኝ።"

መልስ ልሰጥ አፌን ከፈትኩ። የማሳያቸው ቤት አልነበረኝም።

መጀመሪያ ክንዱ ውስጥ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ይህን ማወቅ የአንድ ሰው እጅ ሊያድን ይችላል። የክንዳችን ጡንቻዎች በማይለጠጥ ሽፋን ተጠቅልለው ነው ያሉት። አጥንት ሲሰበር ውስጡ ይደማል፣ ያብጣል። ከላይ ደግሞ ጠፍረን ካሰርነው እብጠቱ መሄጃ ያጣና ደም ሥሩን ይጫናል። ጡንቻና ነርቭ ለ6 ሰዓት ያህል ደም ካጡ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል። ልጁ በሦስተኛው ቀን ማልቀስ ያቆመው ስለተሻለው አልነበረም፤ ነርቩ ስለሞተ ነው።

ስለዚህ የታሰረ እጅ ወይም እግር ላይ ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹን ቀና ሲያደርጉለት የሚጮህ ከሆነ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከነጡ፣ ማሰሪያውን እስከ ቆዳው ድረስ ፍቱት፤ ላላ ማድረግ ብቻ አይበቃም። ከዚያ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል። አጥንቱ ቢጣመም ይስተካከላል፣ የሞተ ጡንቻ ግን አይመለስም። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ የወጣ ከሆነማ ወጌሻ ጋ መሄድ ጭራሽ አይታሰብም።

እውነቱን ለመናገር የእኛ ጀሶም ይህንኑ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ጀሶ አጥብቆ አስሮ የላከ ሐኪም አለ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። እኔ የሙያ ፈቃድ ፈተና ተፈትኜ ነው የገባሁት፤ ፈቃዴን የማሳድሰው ተጨማሪ ሥልጠና ወስጄ ነው፤ ባጠፋ ስሜ፣ የፈቃድ ቁጥሬ፣ የጻፍኩበት ካርድ አለ፣ የሚከሰኝ የሚከሰኝበትን በር ያውቀዋል። ለእኚያ ሰውዬ ከዚህ ውስጥ አንዱም የለም። የልጁ አባት ክስ ቢያስብ እንኳ የሚይዘው ወረቀት የለውም።

እና ሕጋችን ምን ይላል? ብዙ ሰው "መንግሥት ባህል ሕክምናን ከልክሏል" ይላል። አልከለከለም። በንጉሡ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የሐኪሞች ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 100 ላይ፣ በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ አዋቂ ተብሎ የታወቀ ሰው በአገር ዘዴ ማከሙን ሕጉ እንደማይከለክል ሰፍሯል። ልብ በሉ፣ ፈታኙ ሕዝቡ ነው ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ሐኪም በጣት የሚቆጠር ስለነበር አልፈርድባቸውም። በደርግ ዘመን፣ ከ1978 (እ.ኤ.አ.) የአልማ አታ ጉባኤ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር የባህል ሕክምና ማስተባበሪያ ቢሮ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የጤና ፖሊሲም ለባህል ሕክምና ትኩረት ሰጥቷል፤ ጠቃሚው ይለይ፣ ይጠና፣ ደንብም ይውጣለት የሚል ነው።

ከዚያ ወዲህ ለመድኃኒቱ ጠንከር ያለ ሕግ ወጥቷል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ላይ የባህል መድኃኒት በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ይገባል። ዕፅዋቱን በቤተ ሙከራ የሚመረምሩ ተቋማትም አሉን፣ አርማወር ሃንሰን አንዱ ነው። ጥሩ ነው። ግን ወጌሻ እኮ መድኃኒት አይሸጥም! መሣሪያው እጁ ነው። የሰውየው እጅ የሚመዘንበትን ግን እኔ አላየሁም።

በሌላ በኩል የወንጀል ሕጉ አለ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ያለ ፈቃድ የሕክምና ሙያ መሥራትን ይቀጣል። አንዳንዱን ድርጊት ደግሞ ስሙን ጠርቶ ነው የሚከለክለው፦ የሕፃን እንጥል መቁረጥ፣ የወተት ጥርስ መንቀል ("ግግ" የምንለው)፣ እትብት ላይ እበት መቀባት፣ ለአራስ ሕፃን ቅቤ መስጠት፣ የነፍሰ ጡርን ሆድ ማሸት። እነዚህን "ባህላችን ነው" ብሎ የሚከራከረኝ ካለ አልሰማውም፤ በእንጥል ቆረጣ ደም ፈስሷት የመጣች ሕፃን አይቻለሁ።

ከእኚያ ሰውዬ ጋር ከተጋጨሁ በኋላ ለጥያቄያቸው መልስ ፍለጋ አንድ ሁለት ቢሮ ጠየቅኩ። አንዱ ጋ "መድኃኒት ከሆነ እኛን አይመለከትም" ተባልኩ፤ ሌላው ጋ "ንግድ ፈቃድ ያውጡ"። የንግድ ፈቃድ! አጥንት መጠገንና ጫማ መሸጥ በአንድ ወረቀት። ከተማ ውስጥ ግድግዳቸው ላይ ወረቀት የሰቀሉ የባህል ሐኪሞች ጋ ስትሄዱ ወረቀቱን ቀረብ ብላችሁ አንብቡት። እኔ ያነበብኳቸው የንግድ ፈቃድ፣ የማህበር አባልነት ወይም የሁለት ቀን ስብሰባ የተሳትፎ ምስክር ወረቀት ናቸው። ማኅተም ስላለው ብቻ ችሎታው ተፈትኗል ማለት አይደለም።

ታዲያ የሚሠራበት አገር አለ ወይ? አለ። ቻይና የወጌሻውን ጥያቄ ሕግ ጽፋ መልሳዋለች። እዚያም እንደኛው ከአባቱ ወይም ከመምህሩ የተማረ፣ ዩኒቨርሲቲ ያልረገጠ አዋቂ ብዙ ነው፤ ለረጅም ጊዜም በሕግና በሕገ ወጥ መሀል ተንጠልጥሎ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2016 ጸድቆ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የባህል ሕክምና ሕግ ለእነዚህ ሰዎች የራሳቸውን በር ከፈተላቸው። በመምህር ሥር የተማረ ወይም በአንድ ዘርፍ ለዓመታት የሠራ ሰው (በዝርዝር ደንቡ 5 ዓመት ነው) ቢያንስ ሁለት ፈቃድ ያላቸው የባህል ሐኪሞች ይመሰክሩለታል፣ ከዚያ የክፍለ ሀገሩ ጤና ቢሮ የእጁን ሥራና ውጤቱን ይፈትነዋል። ካለፈ ይመዘገባል፤ የሚያክመውም በተፈተነበት ዘርፍ ብቻ ነው። አጥንት ላይ ተፈትኖ ለስኳር በሽታ ቅጠል መስጠት አይችልም።

ይቺን የመጨረሻዋን ነጥብ በጣም ወደድኳት። የእኛ አገር ችግር ግማሹ ከዚህ ነው የሚመጣው። ጎበዝ ወጌሻ ስም ያወጣል፣ ስም ሲያወጣ ኩላሊት ይጠይቁታል፣ ቀጥሎ መካንነት፣ ቀጥሎ ካንሰር። "አይ፣ ይህ የእኔ ሥራ አይደለም" የሚለው ጨዋ ነው፤ እንዲህ እንዲል የሚያስገድደው ግን የለም።

እንዳትሳሳቱ፣ ስለ ቻይና ሳወራ በየፌስቡኩና በየቴሌግራሙ የሚሸጠውን የ"ቻይና ባህላዊ" ካፕሱል ግዙ ማለቴ አይደለም። ቱ ዩዩ ከቻይና ባህላዊ ዕፅ አርቲሚሲኒንን አውጥተው በ2015 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል፤ እኛ ቆላ ወርደን ለወባ የምንሰጠው ኮአርተም የዚያ ልጅ ነው። ግን ያ ዕፅ መድኃኒት የሆነው ተለክቶ፣ ተፈትኖ፣ መጠኑ ታውቆ ነው። የሌላኛውን መንገድ መጨረሻ ማየት ከፈለጋችሁ ብራስልስን ተመልከቱ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንድ የማቅጠኛ ክሊኒክ የሰጠው የቻይና ዕፅ በሌላ ዕፅ ተተክቶ ኖሮ ከመቶ በላይ ሴቶች ኩላሊት ተጎዳ፤ አንዳንዶቹ በኋላ ካንሰርም ያዛቸው። ስሙ የሚመሳሰል ቅጠል፣ በቃ።

እኛም ጋ ኮሶ አለ። ዛፉ እዚሁ ጭላሎና ገላማ ላይ ሲያዩት ያምራል፣ ትሉንም ያስወጣል። ግን መጠኑን ማን ይለካል? በኮሶ መመረዝ ዓይናቸው የተጎዳ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ተዘግበዋል። ዛሬ ለዚያው ትል መጠኑ የታወቀ ፕራዚኳንቴል እያለ በጣሳ መጠጣት ምን አመጣው? የምትጠጡት ነገር ካለ ደግሞ እባካችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ። እንደማንቆጣ ቃል ልገባ አልችልም፣ አንዳንዶቻችን እንቆጣለን። ቢሆንም ንገሩን፤ የተረፈውንም ይዛችሁ ኑ። የስኳር፣ የግፊት፣ የቲቢ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒታችሁን አቁሙ የሚላችሁ ሰው ጋ ግን ሁለተኛ አትመለሱ።

ወደ ወጌሻው ልመለስ። "ማሠልጠን ዋጋ የለውም፣ መከልከል ነው" የሚል የሙያ ባልደረባ አለኝ። ሲቆጣ ይገባኛል፣ እኔም ተቆጥቻለሁ። ግን እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ የአጥንት ሕክምና መጽሔት የታተመ የአገራችን ጥናት አለ፤ ወጌሾችን ለአጭር ጊዜ አሠልጥነው በአካባቢው በማሰሪያ ምክንያት የሚመጣው የእጅና የእግር መበስበስ ቀንሶ አገኙት። ብንከለክላቸውስ ሕዝቡ የት ይሄዳል? ራጅ ያለበት ቦታ ለመድረስ ከደጋው የግማሽ ቀን መንገድ ያለበት ቤተሰብ ወጌሻው ጋ መሄዱ አይቀርም፤ የሚለወጠው ተደብቆ መሄዱ ብቻ ነው። ሲደበቅ ደግሞ በሁለተኛው ቀን ሊመጣ የሚችለው ልጅ በአራተኛው ቀን ይመጣል።

ከወራት በኋላ ለሥራ ወደዚያ ቀበሌ ወጣሁና ቤታቸውን ጠይቄ ሄድኩ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እሳቸው እርጎ አቀረቡልኝ፤ ስለ ልጁ ግን ብዙ ማውራት አልቻሉም። ከዚያ ክንዴን ሰጥቻቸው አሰሩልኝ። ጣቶች ሁልጊዜ ከማሰሪያው ውጭ ይሁኑ፣ ጥፍሩን ተጭነው ሲለቁት በ2 ሰከንድ ውስጥ ቀይ ካልሆነ ይፍቱት፣ የመጀመሪያውን ሌሊት በየሰዓቱ ይዩት አልኳቸው። እሳቸውም አንድ ነገር አስተማሩኝ፦ የልጅ እጅ ከመንካታቸው በፊት የፈረሱን ስም ይጠይቁታል፣ ልጁ ሲያወራ ክንዱ ይላላል። አሁን ተረኛ ስሆን እጠቀምበታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ልጆች ልከውልኛል፣ ሦስቱም በመጀመሪያው ቀን፣ በላላ ማሰሪያ። በመዝገባችን ላይ "ከየት ተላከ" የሚል ዓምድ አለ፤ የሚጻፈው ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያ ወይም በራሱ የመጣ ነው። የእሳቸው ቦታ የለም። ሦስቱንም "በራሱ የመጣ" ብዬ ሞላሁ።