ጄኔሬተሩ ስንት ሰዓት ይጩህ?

በካሊፎርኒያው ዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክ ካምፐር አቁሞ የሚያድር ሰው ጄኔሬተር ማስነሳት የሚፈቀድለት በቀን ሦስት ጊዜ ነው፦ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 እስከ 3፣ ከቀኑ 6 እስከ 8፣ ከዚያም ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1። ካምፐር ያልነው መኝታና ማብሰያ ያለውን መኪና ወይም ተጎታች ነው፤ መብራቱም የውሃ ፓምፑም የሚሠሩት በ12 ቮልት ባትሪ ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ባትሪው ምን ያህል ይሞላል? ይህን በአብዛኛው የሚወስነው ገመዱ የሚሰካበት ቦታ ነው።

ብዙ ትንንሽ ጄኔሬተሮች «12 ቮልት» የተባለ ቀዳዳ አላቸው፤ ለዚሁ ሥራ የተሠራ ይመስላል። የታወቀው ሆንዳ ኢዩ2000አይ ከዚህ ቀዳዳ የሚሰጠው 8 አምፔር ብቻ ነው፤ በሁለት ሰዓት 16 አምፔር-ሰዓት መሆኑ ነው። ባለ100 አምፔር-ሰዓት ሁለት ባትሪዎች ግማሽ ድረስ ቢወርዱ የጎደለው 100 ነው! ስለዚህ ቀዳዳውን ይተዉትና የካምፐሩን ዋና ገመድ በ120 ቮልቱ ሶኬት ይሰኩ፤ ባትሪውን የካምፐሩ ቻርጀር ይሙላው። ባለ55 አምፔር ቻርጀር ያ ቀዳዳ በሰባት ሰዓት የሚሰጠውን በአንድ ሰዓት ይሰጣል። ባትሪ ቶሎ አልሞላ ሲል ትልቅ ጄኔሬተር የሚገዙ አሉ፤ በእኔ እይታ ገንዘቡ ለተሻለ ቻርጀር ቢውል ይሻላል። በ13.6 ቮልት ላይ የሚቆም አሮጌ ቻርጀር ጄኔሬተሩ የቱንም ያህል ቢገዝፍ ይንቀረፈፋል፤ መጀመሪያ ላይ እስከ 14.4 ቮልት የሚወጣውን ይምረጡ።

የሊድ አሲድ ባትሪ አሞላል ጆንያ ውስጥ እህል እንደመጨመር ነው፤ መጀመሪያ ይንዶለዶላል፣ መጨረሻው ግን እየነቀነቁ ነው። 80 በመቶ ገደማ ከደረሰ በኋላ የሚቀበለው አምፔር እየቀነሰ ይሄዳል፤ የቀረችውን ለመሙላት ሰዓታት ይፈጃል፣ ጄኔሬተሩም ለጥቂት አምፔር ቤንዚን ይጨርሳል። ስለዚህ ባትሪው በሌሊቱ ፍጆታ በወረደበት በጠዋቱ ፈረቃ ያስነሱት፤ የቀረውን ቀኑን ሙሉ ለማይቸኩለው ሶላር ይተዉለት። ሁልጊዜ በጎዶሎ የሚቆይ ሊድ አሲድ ግን ዕድሜው ያጥራል፤ አልፎ አልፎ እስከ መጨረሻው ይሙሉት። ሊቲየም እስከ ሙላቱ አካባቢ በፍጥነት ይቀበላል፤ የባትሪው ሙቀት ከ0 ዲግሪ በታች ከሆነ ግን አይሞላም።

ከፍታም ጉልበት ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ። በዚያው ፓርክ ቱዎለሚ ሜዶስ ወደ 2,600 ሜትር ከፍ ይላል፤ እዚያ 1,600 ዋት የሚሰጥ ጄኔሬተር ወደ 1,100 ይወርዳል። ባለ55 አምፔሩ ቻርጀር ብቻውን ወደ 1,000 ዋት ስለሚጠጋ ማይክሮዌቩን ያጥፉ፣ ማቀዝቀዣውን ወደ ጋዝ ያዙሩት።

ጄኔሬተሩን ቢያንስ 6 ሜትር አርቀው፣ ጭሱ ከመስኮትዎም ከጎረቤትዎም ርቆ እንዲሄድ አዙረው ያስቀምጡት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የማንቂያ መሣሪያውን ከመነሳትዎ በፊት ይፈትሹ።