ቤንዚን ማትነን፦ ከፋርማሲው ደጃፍ እስከ ኢንጀክተር

የድሮ ዲኤክስ ቶዮታ ካርብሬተር ሲፈታ ቆሞ ያየ ሰው፣ መካኒኩ መጀመሪያ የሚያደርገውን ያውቃል። መሃሏ የተበሳ አንዲት የነሐስ ብሎን ያወጣና ወደ ፀሐይ አንስቶ በአንድ ዓይኑ ያጮልቃል። ብርሃን ካላሳለፈች እፍ ይልባታል። ቤንዚኑ ከንፈሩን ሲለበልበው ቱፍ ብሎ እንደገና ያያል፤ ካርብሬተሩ ቤንዚኑን የሚለካው በዚያች ቀዳዳ ነውና።

ፈሳሽ ቤንዚን እንዳለ አይነድም፤ የሚነደው ተኑ ከአየር ጋር ሲደባለቅ ነው። ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈለጋል። መሐንዲሶች ከመቶ ዓመት በላይ ሲጨነቁ የኖሩት ተኑ የት ይሠራ፣ በምንስ ይለካ እያሉ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው መልስ የዋህ ነበር። በካርል ቤንዝ የ1886 መኪና አየሩ ቤንዚኑ በተቀመጠበት ዕቃ ውስጥ እያለፈ ተኑን ጠራርጎ ወደ ሞተሩ ይገባል። ባለቤቱ በርታ በ1888 ሁለት ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም ወደ ፎርዝሃይም ስትጓዝ፣ ቪስሎክ ከተማ ላይ ከፋርማሲ ሊግሮይን የተባለ የቤንዚን ዓይነት ገዝታ ሞላች። የነዳጅ ቱቦው ሲደፈን ደግሞ በባርኔጣዋ መርፌ ጠረገችው። የዘዴው ጣጣ ቀላሉ የነዳጅ ክፍል ቀድሞ ተኖ ማለቁ ነው፤ ለሞተሩ ወደ በኋላ የሚደርሰው አተላው ነው።

በ1893 መሐንዲሶቹ ማይባክ በጀርመን፣ ባንኪና ቾንካ በሃንጋሪ፣ ቤንዚኑን በጠባብ ቀዳዳ ወደ አየሩ መርጨትን አመጡ። ሙሉ በሙሉ ይትነን የሚለው ቀረና ጠብታ በቃ። በ1917 የወጣው የፎርድሰን ትራክተር ግን በቤንዚን ተነስቶ፣ ሲሞቅ ወደ ላምባ ይዞር ነበር፤ ላምባ ያለ ሙቀት በቀላሉ አይተንምና።

ትነት እንደ ሕልም ግን አልሞተም። በ1930ዎቹ ካናዳዊው ቻርልስ ኔልሰን ፖግ ነዳጁን ፈጽሞ ተን አድርጎ በአንድ ጋሎን ከ200 ማይል በላይ የሚያስኬድ ካርብሬተር ሠራ ተባለ። ፓተንቱ አለ፤ ውጤቱን በገለልተኛ ሙከራ ያረጋገጠ ግን የለም። ሊሆንም አይችልም። ደህና ሞተር ሲሞቅ ከሚገባው ነዳጅ አብዛኛውን ያቃጥላል፤ ጉልበቱ የሚባክነው በራዲያተሩና በማርሚታው በሚወጣው ሙቀት ነው። በዚያ ላይ ተን ቦታ ይይዛል፣ አየሩን ይገፋል። ዛሬም «ኩባንያዎች የደበቁት ምስጢር» እየተባለ የሚሸጠን ነገር፣ በእኔ ግምት፣ ቤንዝ ተጠቅሞበት የተተወውን አሮጌ ዘዴ በአዲስ ካርቶን ጠቅልሎ ማቅረብ ነው።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው ከልኬት ነው። የካሊፎርኒያ ጭስ ሕግ አስገደደና በ1967 ቮልስዋገን ነዳጁን ለክቶ የሚረጨውን የቦሽን ኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን ገጠመ፤ በ1976 ቮልቮ በጭስ መውጫው ላይ ኦክስጅን የሚለካ ሴንሰር ጨመረ። ይሄ ሴንሰር ለአዲስ አበባ ቀላል ነገር አይደለም። በ2,400 ሜትር ከፍታ አየሩ ይሳሳል፤ ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርብሬተር ቤንዚን ያበዛና ካንዴላው ይጠቁራል። ሴንሰር ያለው መኪና ግን ራሱ ይቀንሳል። በ2008 ቤንዚናችን ውስጥ 5 በመቶ፣ በ2011 ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል ሲገባ ጉዳዩ ሌላ መልክ ያዘ፤ ኢታኖል ለመትነን ከቤንዚን በእጥፍ የሚበልጥ ሙቀት ይጠጣል። በንጹሕ ኢታኖል የሚሄዱት የብራዚል መኪኖች ለብርድ ጠዋት ማስነሻ ትንሽ የቤንዚን ታንከር ለብቻ ይይዙ የነበረውም ለዚሁ ነው።

አሁን ፋሽኑ ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ መርጨት ነው፤ የ1954ቱ መርሴዲስ 300 ኤስኤል ተጠቅሞበት፣ በ1996 ሚትሱቢሺ በኤሌክትሮኒክስ መለሰው። ጠብታው እዚያው ሲተን ሲሊንደሩን ያቀዘቅዛል። ግን የአየር ማስገቢያውን ቫልቭ የሚያጥበው ቤንዚን ስለሌለ ጥላሸት ይጋገርበታል። መካኒኩ የመመርመሪያ ኮምፒውተሩን ይነቅልና፣ ያንን ጥላሸት እንደ ድሮው በእጁ ይፍቃል።